«64 ሞዴል ናት» ላላችሁ ሻጭ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ለሙሽራ ሥራም ሆነ ለፍቅር ብላችሁ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ ነው። በተለይ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ላላችሁ። እኔ ተሸውጃለሁ።

መኪናዋ ቀይ ፎርድ ማስታንግ ናት። ስምንት ሲሊንደር፣ 302 የሚሉት ሞተር፣ 5 ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር ግቢው ውስጥ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። የእኔም ልብ አብሯቸው ሄደ።

«64 ናት እኮ» አለኝ። ማስታንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በፈረንጅ ሚያዝያ 1964 ኒው ዮርክ ላይ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። «የመጀመሪያዋ ማለት ነው!» ያልኩት ራሴ ነኝ። እሱ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ሊብሬው ግን 1972 ይላል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው «እሱማ በኛ አቆጣጠር የተመዘገበችበት ነው» አለ። አመንኩት። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። 1972 የፈረንጁ ነው፣ 64 የኛው። በኛ በ1964 ዓ.ም. የተሠራችን መኪና በፈረንጅ 1964 ዋጋ ገዛኋት።

ይህን ለማጣራት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እንደ እኔዋ ባሉት ላይ በሾፌሩ በኩል፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወቱ ሥር ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ከውጭ ቆማችሁ ታነቧታላችሁ። በዚያ ዘመን ማስታንግ ላይ የመጀመሪያዋ አኃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ናት። የእኔዋ በ2 ትጀምራለች። እውነተኞቹ የመጀመሪያዎቹ በ5 ነው የሚጀምሩት፣ ምክንያቱም ፋብሪካው በ1964 የወጡትንም የ1965 ሞዴል ብሎ ነው የቆጠራቸው።

የዓመቱ ነገር የዋጋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ሊያቃጥለኝ ምንም አልቀረውም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስነዳት ችግር አልነበረባትም። ብርዱን ታውቁታላችሁ። እንዲያውም አሮጌ መኪና ሆና የቤንዚን ሽታ የላትም ብዬ እመካ ነበር። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

አንድ እሑድ ሸዋ ሮቢት ሠርግ ይዣት ወረድኩ። እኩለ ቀን ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማደያ ገብቼ ሞላኋትና ሚዜዎቹን ጭኜ ዳገቱን ጀመርኩት። ደብረ ሲና ስንደርስ ሚዜዎቹ ቆሎ እንግዛ ብለው ወረዱ። ሞተሩን አጠፋሁ። ወዲያው ሽታው አፈነኝ። ኮፈኑን ስከፍት ቤንዚን ከካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር ከሚደባልቀው ዕቃ) ጎን እየተንጠባጠበ በጋለው ሞተር ላይ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ሞተሩ ጠፍቷል! አንዱ ሚዜ ደግሞ ሲጋራውን እንደያዘ «ምን ሆነች?» እያለ ጠጋ አለ። እንዴት እንደጮህኩበት እሱ ይንገራችሁ።

ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ፣ ሸበት ያለ ሰውዬ፣ ወረደና መጀመሪያ ሰዉን በሙሉ ከአካባቢው አራቀ። ከዚያ «ልጄ፣ ታንኩ ታፍኗል» አለኝ። «ክዳኑን ቀስ አድርገህ ፍታው። ድንገት እንዳትነቅለው፣ ፊትህ ላይ ይረጭሃል።» በጨርቅ ይዤ ትንሽ ዞር አደረግሁት። ፉጨቱ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ ነው፣ ግን አያልቅም። እየቆየ፣ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ከመኪናዋ ሥር «ዷ!» የሚል ድምፅ መጣ። ተነፍቶ የነበረው የታንኩ ቆርቆሮ ወደ ቦታው መመለሱ ነው። ከካርቡሬተሩ የሚወርደው ነዳጅ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ይተናል፤ ሲሞቅ ይብስበታል። ተኑ መውጫ ካጣ ታንኩን ይገፋል። በዚህ ላይ የእኛ ዳገት አለ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣርማበር፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር አልፋችኋል። ጣርማበር ላይ የከደናችሁት ባዶ ሃይላንድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተጨማዶ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ታንኩ ላይ የሆነው የዚያ ግልባጭ ነው። እታች የተዘጋው አየር ወደ ላይ ሲወጣ መስፋት ይፈልጋል። እስከ ዋሻው ድረስ በከፍታው ብቻ፣ ሙቀቱን ሳንቆጥር፣ ልዩነቱ ከ2 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የምንለካበት) ይበልጣል። ጎማችንን 30 ስለምንሞላ 2 ኢምንት ይመስላል። ግን በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ከአንድ ቶን በላይ ክብደት ማለት ነው።

ካርቡሬተሩ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ ሲበቃው የምትዘጋ መርፌ አለች። የፓምፑን 5 እና 6 ፒኤስአይ ትችላለች። የታንኩ ግፊት ሲደመርበት ትሸነፋለች። ሞተሩን ብታጠፉ ፓምፑ ይቆማል፣ ታንኩ ግን መግፋቱን አያቆምም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። «ፓምፕ ነው» አሉኝ። ተቀየረ። አልዳነችም። «የመጣው ፓምፕ ፎርጅድ ነው» ተባለና ሁለተኛ ተገዛ። የሁለት ፓምፕ ዋጋ ከፍዬ ቆላ ወርጄ ስመለስ ያው ሆነች። ሦስተኛው መፍትሔ መሰርሰሪያ ነበር። «64 ሞዴል ከሆነች ክዳኗ መተንፈሻ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል» ብለው ክዳኑን በሱት። ለፍርድ ያህል፣ ሐሳቡ እብደት አይደለም። በእውነት የ1964 ብትሆን ኖሮ ክዳን በኩል መተንፈስ የዘመኑ ነገር ነበር። እኔው ነኝ 64 ያልኳቸው። ግን የዚህች መኪና ክዳን ከኋላ፣ በሁለቱ መብራቶች መሃል ነው። ዳገት ስትወጣ ነዳጁ ወደ ኋላ ይተኛል። ስለዚህ ጣርማበር ላይ ቤንዚን በቀዳዳው እየተፋች መከላከያዋን አጥባ ወጣች።

የደረሰበት ሌላ መካኒክ ነው፣ በራሱ ቤት በር ላይ የሚሠራ ልጅ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «በየትኛው አቆጣጠር 64?» ብሎ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ከታንኩ አናት የምትወጣውን ቀጭን ጎማ ተከትሎ ወደ ፊት ሄደ። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች የቤንዚን ተን ወደ አየር እንዳይለቁ በሕግ ተገደዋል፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በአንድ ዓመት ቀድማ ነበር። ስለዚህ ክዳኑ ዝግ ነው፤ ተኑ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ከሰል የተሞላ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከዚያ ስቦ ያቃጥለዋል። የእኔዋ ላይ ጣሳው የለም። ተነቅሎ ተጥሏል። የቀጭኗ ጎማ ጫፍ ላይ አንድ ቡሎን ተወትፎ በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ሽቦው አዲስ ነበር፣ ዝገት እንኳ አልነካውም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። አልካደም። «ወንድሜ፣ ሽታው እንዳያስቸግርህ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ገዢ ሲመጣ እንዳትሸት ነው የደፈናት። ውሉ ላይ «ባለችበት ሁኔታ» የሚል ቃል አስገብቷል። ጠበቃ ጓደኛዬ ጉድለት ሆን ብሎ የደበቀ ሻጭ በዚያ ቃል እንደማያመልጥ ነግሮኛል፣ ግን እንዳወቃችሁ ወዲያው ማስታወቅ ያስፈልጋል። እኔ በፓምፕ ስጫወት ወራት አለፉ።

እናንተ ግን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋን ሞቅ ባለ ቀን ንዷት። የምትችሉ ከሆነ ቆላ አውርዳችሁ መልሷት። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሲጋራና እሳት ከሌለበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ስትበርድ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ትንሽ «ፍስ» ማለት እንዲህ ባለ ዝግ ክዳን ላይ ያለ ነው። ረጅም ፉጨት ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ታፍኗል። አየሩ ወደ ውስጥ እየተሳበ ከሆነም መታፈን ነው፣ በተቃራኒው። ያኛው የሚታወቀው መኪናዋ መንገድ ላይ ነዳጅ እንደጨረሰች ሆና ስትቆምና ክዳኑ ሲከፈት ተመልሳ ስትነሳ ነው። ከዚያ ቀጭኗን ጎማ ከታንኩ እስከ ፊት ድረስ በእጃችሁ ተከተሏት። ታጥፋ፣ ተደፍና ወይም ጫፏ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ካገኛችሁት ሻጩን እዚያው ጠይቁት። የጭስ ማውጫው ቧንቧም ታንኩን ተጠግቶ እንዳያሞቀው እዩ። ጎማዋን በአፋችሁ አትሳቡ። ታንክ ላይ ብየዳ እናድርግ የሚላችሁን ደግሞ ሰላም ብላችሁ ሂዱ።

የእኔዋን ልጁ አስተካከላት። የከሰል ጣሳውን ሶማሌ ተራ ካገኘሁት አሮጌ ቶዮታ ላይ ነቅለን ገጠምን፤ ቱቦዋ በነዳጅ ጎማ ተቀየረች፤ የተበሳው ክዳን ተጥሎ ያልተበሳ ገባ። ጠቅላላ ወጪው ከአንዱ ፓምፕ ያነሰ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሮቢት ሞልቼ ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ ክዳኑን ፈታሁት። «ፍስ» ብቻ።

ሻጩ አሁን «66 ሞዴል» የሚላት ሌላ መኪና እያሻሻጠ ነው ብለውኛል። ከቀረባችሁት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁልኝ።