ባለ 27 ኢንቹ ሞኒተሬ ከ9 ወር በኋላ

ይህን ግምገማ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌው ቢሆን ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር። አዲስ ስክሪን ከካርቶኑ ሲወጣ ሁሉም ያምራል። አሁን 9 ወር ሞልቶታል። በቀን 8 ሰዓት፣ ሥራ ሲበዛ ከዚያም በላይ፣ ፊቱ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ጠዋት ደብዳቤና ሰንጠረዥ፣ ከሰዓት ደግሞ ፖስተር፣ ሎጎና የመጽሐፍ ሽፋን። የሚመቸኝና የማይመቸኝ የተለየልኝ ቆይቶ ነው።

ዕቃው ይሄ ነው፦ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች)፣ አይፒኤስ ፓኔል (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት)፣ ፊቱ የማያንጸባርቅ። በኤችዲኤምአይም በዩኤስቢ ሲም ይሠራል። በፊት የነበረኝ ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው። ፓኔሉ ቲኤን ስለነበር ትንሽ ዝቅ ብዬ ከተቀመጥኩ ቀለሙ ይለወጥብኝ ነበር። ለዲዛይን አይሆንም፣ አለቀ።

ስመርጥ በጣም ያመነታሁት መጠኑና ፒክስሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ነበር፤ ትልቅ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። እንኳን ተውኩት። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ፒክስል ነው፣ ስክሪኑ ቢተልቅም ቢያንስም ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ወደ 92 ፒክስል ሲኖር፣ በ27 ኢንች ላይ ወደ 82 ይወርዳል። የእኔ 109 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ላይመስል ይችላል፤ አማርኛ ስታነቡበት ነው የሚገባችሁ። ጓደኛዬ ያንን ባለ 27 ፉል ኤችዲ ገዝቶ ነበርና በፎንት መጠን 10 የተጻፈ ሰነድ ከፍተን «ሲ»ን እና «ሴ»ን አስተያየን። የ«ሴ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ተደፍና ነጥብ ሆናለች፣ የ«ሲ»ም መታጠፊያ ያው ነጥብ። የምታውቁት ቃል ከሆነ ዓይናችሁ ራሱ ይሞላዋል፣ የሰው ስም ሲሆን ግን አጉልቶ ማየት ግድ ነው። እኔ ጋ ቀለበቷ ክፍት ሆና ትታያለች። እርማት ለሚሠራ ሰው ይህች ቀለበት ብዙ ነገር ናት።

4ኬስ (3840 በ2160 ፒክስል)? በ27 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ወደ 163 ፒክስል ይደርሳል፣ ፊደሉም እንደ ታተመ መጽሐፍ ጥርት ይላል። ግን የኮምፒውተሩ የማሳያ መጠን 100 ፐርሰንት ሲሆን ሁሉም ነገር ጉንዳን ያክላል። 150 ላይ ማድረግ ይኖርባችኋል፣ ያኔ ደግሞ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ይደበዝዛሉ። ቀኑን ሙሉ የምታነቡ ከሆነና ኮምፒውተራችሁ ከቻለው ውሰዱት። የእኔ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ አልደፈርኩም።

በመጀመሪያው ሳምንት ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፣ አመድ ነው። ፎቶ ስከፍት ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። 3 ቀን ሙሉ የሞኒተሩን ሜኑ ስነካካ ቆየሁ። ለካ ችግሩ ከሞኒተሩ አልነበረም። ግራፊክስ ካርዱ በኤችዲኤምአይ ስላገናኘሁት እንደ ቴሌቪዥን ቆጥሮት፣ ከ0 እስከ 255 ያለውን ሙሉ ቀለም ትቶ ከ16 እስከ 235 ያለውን ብቻ ይልክለት ነበር፤ ሞኒተሩም 16ን ጥቁር ሳይሆን ግራጫ አድርጎ ያሳየኛል። በግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ «ሊሚትድ» የሚለውን «ፉል» አደረግኩት፣ ጥቁሩ ወዲያው ጠቆረ። አዲስ ስክሪናችሁ ገርጥቶ ከታያችሁ መጀመሪያ እዚያ ግቡ።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ ብዙ ያስከፈለኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ሠራሁ፣ ጀርባው ብርቱካናማ። እኔ ስክሪን ላይ እንደ ፍም ያበራል። ደንበኛው ከፍቶ ሲያየው «ቀለሙ ፈዘዘብን» አለኝ። የእሱ ስክሪን ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ከዚያ በአሮጌው ሞኒተሬ፣ ቀጥሎም በስልኬ ከፈትኩት። ሁለቱም ላይ ፈዛዛ ነው። ተሳስቶ የነበረው የእኔው አዲሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድረ ገጽ ቀለም ዛሬም በአብዛኛው የሚለካው በኤስአርጂቢ ነው፣ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ባወጡት መለኪያ። የእኔ ሞኒተር ከዚያ የሰፋ ቀለም ያወጣል፣ ካርቶኑም ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ችግሩ፣ ቀለም የማያስተዳድር (ቀለሙን ለየስክሪኑ አስተካክሎ የማይልክ) ፕሮግራም «ቀይ 255» ብሎ ሲልክለት እሱ የሚችለውን የመጨረሻ ቀይ ያወጣል፣ የሌላው ሰው ስክሪን ግን የኤስአርጂቢን ቀይ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሜኑው ውስጥ ገብቼ ኤስአርጂቢ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ ቀን የሞተ መሰለኝ፣ በ3ኛው ቀን ዓይኔ ለመደው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀለም የመጣልኝ ቅሬታ የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፦ አንዳንድ ሞኒተሮች ኤስአርጂቢ ላይ ሲደረጉ ብራይትነሱን ይቆልፉታል። የእኔ አይቆልፍም፣ በዚህ እድለኛ ነኝ።

ብራይትነሱም ከፋብሪካ ሲመጣ ከልክ በላይ ነው። በጣም የደመቀ ስክሪን ላይ የተሠራ ሽፋን ሲታተም ይጨልማል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ምስሉን ከሆነው በላይ አድምቆ ያሳያችኋል። እኔ ነጭ ወረቀት ስክሪኑ አጠገብ ይዤ፣ ባዶው ገጽ እንደ አምፖል ማብራቱን እስኪተው ድረስ ቀነስኩት። 30 ፐርሰንት አካባቢ ላይ አረፈ። ማታ ማታ ይቆጠቁጠኝ የነበረው ዓይኔም ተሻለው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ኤችዲአር (በጣም ደማቁንና በጣም ጨለማውን አብሮ የሚያሳይ ምስል) የሚለው ጽሑፍ አያጓጓችሁ። እንደ እኔው ያለ ሞኒተር ብርሃኑ ለዚያ ስለማይበቃ ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ኤችዲአርን በወጉ አያሳይም። አጥፍቼዋለሁ። በጨለማ ክፍል ፊልም ሳይ ደግሞ የታችኛው ቀኝ ጥግ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ራሴን ሳንቀሳቅስ አብሮ ይቀየራል፣ የአይፒኤስ ጠባይ ነው። ዋና ሥራችሁ ማታ ፊልም ማየት ከሆነ ቪኤ የሚባለው ሌላው የፓኔል ዓይነት ጥቁሩ ይሻላል።

ዩኤስቢ ሲው ደስ ይላል። አንድ ኬብል ላፕቶፑን ቻርጅም ያደርጋል፣ ምስሉንም ያመጣል። ብቻ ለስልክ ቻርጅ የሚሆነው ኬብል ሁሉ ምስል አይወስድም፤ እኔም መጀመሪያ የሰካሁት እንዲህ ዓይነቱን ነበር።

ከልቤ የምወቅሰው መቆሚያውን ነው። ወደ ኋላና ወደ ፊት ያዘነብላል እንጂ ከፍና ዝቅ አይልም። በ3ኛው ሳምንት አንገቴ ከትከሻዬ ጋር ታስሮ ነቃሁ። 2 ወፍራም መጻሕፍት አስገባሁበት፣ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ዓይኔ ጋ ሲደርስ ሕመሙ በሳምንቱ ለቀቀኝ። በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ ገዛሁለት። ጀርባው ላይ ክንዱ የሚታሰርበት፣ 100 በ100 ሚሊ ሜትር የሆነው የቬሳ ቀዳዳ ባይኖረው ኖሮ ይህም አይቻልም ነበር፣ ስለዚህ ስትገዙ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ።

5ኛው ወር ላይ አንድ አረንጓዴ ፒክስል ወጣብኝ፣ ከላይ በግራ በኩል። ለሻጩ ነገርኩት፣ አንድ ፒክስል ዋስትናው ውስጥ አይገባም አለኝ። የዋስትናውን ወረቀት ከመግዛቴ በፊት ባነበው ኖሮ ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር። እናንተ አንብቡት፣ በመጀመሪያው ቀንም ስክሪኑን ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያደረጋችሁ ጥግ ጥጉን ፈትሹ። እኔ አሁንም ነጭ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ነጥብ ነው።