የራስ ሳተላይት ወይስ የሌሎች ነፃ ምስል፦ ከጎጃም ማሳ ሲታይ

መንግሥት ለህዋ ዘርፍ የሚመድበው ገንዘብ ለራስ ሳተላይት ይዋል ወይስ የሌሎችን ነፃ ምስል ለሚተነትኑ ባለሙያዎች የሚለው ጥያቄ ለጎጃም ገበሬ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያመጠቀቻት ምድርን ከህዋ የምታነሣ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ አብዛኛውን ወጪዋን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ ትልቁ ትርፏም፣ በእኔ ግምት፣ ከምስሉ ይልቅ መሐንዲሶቻችን ያገኙት ልምድ ነው።

በሌላ በኩል የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች እስከ 10 ሜትር በሚደርስ ጥራት (የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ያሳያል) ያለ ክፍያ ምስል ይሰጣሉ፤ የአሜሪካው ላንድሳትም ምስሉን በነፃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጤፍ በሚዘራበትና የጮቄ ተራራ ተዳፋት አፈሩ በሚታጠብበት ክረምት ሰማዩ በደመና ስለሚጋረድ፣ በብርሃን የሚያነሣ ካሜራ፣ የራስም ይሁን የሰው፣ እምብዛም አያይም። ደመናን ዘልቆ የሚያየው በራዲዮ ሞገድ የሚሠራው ራዳር ነው፤ የራዳር ምስልንም የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 በነፃ ያቀርባል። ስለዚህ በጀቱ ጠባብ እስከሆነ ድረስ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ምስሉን የሚያነብ፣ የጣናን እምቦጭ ስፋትና የማሳውን ሁኔታ ለወረዳ የሚያደርስ ባለሙያ ማሠልጠን ይቀድማል እላለሁ።

የራስ ሳተላይት ብልጫ ግን አለው፦ የት ቦታ መቼ እንደሚነሣ የሚያዘው ባለቤቱ ነው፤ ነፃ ምስል የሚሰጡት አገሮች አሠራራቸውን ቢለውጡ ግን ተጠቃሚው የሚጠይቅበት መብት የለውም።