ለቀይ ቀበሮ ፎቶ የትኛው ይሻላል? 70–300፣ 150–600 ወይስ ኒኮን ፒ950

ደሴ ውስጥ ካሜራ ያለን ሰዎች አብዛኞቻችን የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ነን። ሙሽራ ሁለት ሜትር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቀይ ቀበሮ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ቀበሮው ወደሚገኝበት የመንዝ ጓሳ የሄድኩት 70–300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ ነው (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሩቁን ያቀርባል)። በደብረ ሲና አድርገን፣ ጣርማ በር ወጥተን፣ ወደ መሃል ሜዳ ታጠፍን። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ እንዳለ፣ አንዱ ቀበሮ ጆሮውን ቀስሮ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ቆመ። አይጥ እያዳመጠ ነው። እኔ ደግሞ "ትንሽ ልጠጋ" ብዬ ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ቀና ብሎ አየኝና አይጧንም እኔንም ትቶ ሄደ። ቁርሱን አበላሸሁበት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከነሱ የአንዱን ቁርስ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ሌንስ ስትመርጡ ከርቀቱ ጀምሩ። ባለ ነጠብጣቡን የአፍሪካ የዱር ውሻ የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ መኪና ውስጥ ናቸው፤ መንጋው አጠገባቸው ከመጣ 300 ይበቃቸዋል። ጓሳ ላይ በእግር ናችሁ፣ ቀበሮውም ለአደን የሚወጣው ብቻውን ነው። ብዙዎቻችን በያዝነው አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ባለው ካኖን 50 ሜትር ላይ ስታነሱ፣ በ300 ፎቶው ወደ 3.7 ሜትር የሚሆን ስፋት ይይዛል። አንድ ሜትር ገደማ የሆነው ቀበሮ ሩቡን ነው የሚሞላው። በ600 ግማሹን ይሞላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ፒ950፣ ሌንሱ የማይነቀለው ካሜራ፣ ከሁለቱም አልፎ ይሄዳል። በሙሉ ዙም እዚያው ርቀት ላይ ቀበሮው ፎቶውን ሞልቶ ይተርፋል። ክብደቱም አንድ ኪሎ ብቻ ነው፣ ሌንስ መግዛት የለም። ችግሩ ሴንሰሩ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። ቀበሮው በደንብ በሚታይበት የማለዳ ብርሃን ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ደግሞ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ይሄን የሚያድን ሌንስ የለም።

የሲግማው 150–600 (ኮንቴምፖራሪ የሚባለው) 1,930 ግራም ይመዝናል፤ የካኖኑ 70–300 (IS II የሚባለው) ደግሞ 710። ከ3,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ስትወጡ ትከሻችሁ ይመሰክራል። እኔ ስታንድ አልይዝም፤ ትንሽ ከረጢት ባቄላ ሞልቼ ድንጋይ ላይ አስቀምጥና ሌንሱን አስተኛዋለሁ።

ሌንስ የሚቀየርለት የካሜራ ቦዲ ያለው ሰው 150–600 ይግዛ፣ ውድ ቢሆንም። ካሜራ የሌለውና ለራሱ ደስታ ብቻ የሚያነሳ፣ ፒ950። 70–300 ኑሮው ሰርግ ለሆነና ጓሳን በዓመት አንዴ ለሚያይ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ውስጡን እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ከዚያ ፒያሳ ውጡና ወደ እናንተ የሚመጣ ባጃጅ ላይ ፎከሱን ሞክሩት። ባጃጁን ካልያዘ ቀበሮውን አይዝም።