የመስመር አሃድ መቀየሪያው አፕ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ብዙ ሰው የአሃድ መቀየሪያ አፕ የሚያወርደው ኪሎን ወደ ፓውንድ፣ ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር ነው። እኔ ያወረድኩት ከዝርዝሩ ታች ተሸጉጦ ለሚገኝ አንድ ክፍል ነው፦ የዲጂታል ቴሌኮም መስመሮች። ቲ1፣ ኢ1፣ ዲኤስ3፣ ኢ3፣ ኤስቲኤም-1፣ ኦሲ-48 እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ድምፅና ዳታ የሚተላለፍባቸው፣ እያንዳንዳቸው ቋሚ ፍጥነት ያላቸው መስመሮች ስሞች ናቸው፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን በውስጣቸው ይሸከማሉ። የቀን ውሎዬ ከእነዚህ ጋር ስለሆነ አፑን በደንብ አሽቼዋለሁ።

ከጥሩው ልጀምር። የመነሻ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ቲ1 1.544 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ኢ1 2.048፣ ኢ3 34.368፣ ዲኤስ3 44.736። ከዚህ በፊት የነበረኝ አፕ ኪሎን አንዴ በ1000፣ አንዴ በ1024 ያሰላ ነበር። ኢ1ን ድፍን 2 ሜጋ ያደርገውና ቲ1ን 1.508 ይለዋል። በመስመር ፍጥነት ኪሎ 1000 ነው፣ አለቀ። ይሄኛው እዚህ ላይ አይወላውልም። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ጥቅሙ ይታወቃል።

በጣም የምወደው የኦፕቲካል መስመሮቹን ነው፣ ማለትም በፋይበር የሚሄዱትን ኦሲና ኤስቲኤም። ኦሲ-1 51.84 ሜጋ ቢት ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ የእሱ ብዜት ነው። ኦሲ-3 155.52፣ ኦሲ-12 622.08፣ ኦሲ-48 2488.32። ኤስቲኤም-1ን ወደ ኦሲ-3 ስትቀይሩ ልክ 1 ይመጣል። ኤስቲኤም-16ን ወደ ኦሲ-48 ብትቀይሩም እንደዚያው። እዚህ ሰፈር አፑን ዓይን ጨፍኖ ማመን ይቻላል።

ጣጣው የሚመጣው ወደ ድሮዎቹ መስመሮች ስትወርዱ ነው። 1 ዲኤስ3 ስንት ቲ1 ይይዛል? አፑ 28.97 ይላል። ለ29 ጥቂት የጎደለው ይመስላል። እውነቱ ግን 28 ነው፣ አንድም አይጨመርም። 4 ቲ1 ተደምረው 6.176 ሜጋ ቢት ይሆናሉ፤ የሚገቡበት ዲኤስ2 ግን 6.312 ነው። ትርፉ የሚውለው ለፍሬም ማመሳሰያ (የቢቶቹ ጥቅል የት እንደሚጀምር ለማወቂያ) እና ለመሙያ ቢቶች ነው። እያንዳንዱ ቲ1 በራሱ ሰዓት ስለሚሄድ የፍጥነት ልዩነቱን የሚያቻችል ቦታ ያስፈልጋል። ከዚያ 7 ዲኤስ2 አንድ ዲኤስ3 ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ትርፍ ይጨመራል። አፑ ይሄን ሁሉ አያውቅም፤ ፍጥነትን ለፍጥነት ያካፍላል፣ በቃ። የአውቶቡስን ርዝመት ለወንበር ርዝመት አካፍሎ ስንት ሰው እንደሚጭን እንደመናገር ነው።

ዲኤስ3 እንኳን ደህና ነው፣ ነጥቡን ቆርጦ የጣለ ሰው 28 ላይ ይደርሳል። ኢ3ም እንደዚሁ፣ 16.78 ኢ1 ብሎ እውነቱ 16 ነው። ከኢ3 ቀጥሎ ባለው ትልቅ መስመር፣ ኢ4 ላይ ግን ጉድ ይፈላል። 139.264 ለ2.048 ሲካፈል ያለ ምንም ነጥብ ልክ 68 ይመጣል። ድፍን ቁጥር ያየ ሰው ማን ይጠራጠራል? ኢ4 የሚይዘው ግን 64 ኢ1 ነው።

ኤስቲኤም-1 ደግሞ ይብሳል። አፑ 75.94 ኢ1 ይላል። ኢ1ዎቹን አንድ በአንድ ብታስገቡ የሚገባው 63 ነው። መጀመሪያ በ3 ኢ3 አድርጋችሁ ብታስገቡ 48 ብቻ ይሆናል። በኢ4 በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ 64። ያው ኤስቲኤም-1፣ ሦስት የተለያየ መልስ። ከሦስቱ አንዱም አፑ ላይ የለም። በ75 ሒሳብ ዕቅድ ያወጣ ሰው ሥራው መሃል ላይ 12 መስመር ያጥረዋል።

አዘጋጆቹ ለአንዳንዶቹ መስመሮች «ጠቅላላ» እና «የተጣራ» የሚል ሁለት ምርጫ አስቀምጠዋል፤ የተጣራው መስመሩ ለራሱ ሥራ የሚወስደው ተቀንሶ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ፍጥነት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ አሠራሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። የተጣራ ቲ1ን 1.344 ሜጋ ቢት ይለዋል። ይሄ የሚሆነው በውስጡ ያሉት 24ቱም ቻናሎች (እያንዳንዱ የአንድ ጥሪ ቦታ ነው) በ56 ኪሎ ቢት ሲታሰቡ ነው፣ ማለትም ለጥሪ ምልክት ከየቻናሉ ቢት የሚሰረቅበት የድምፅ መስመር ላይ። ቻናሉ ሙሉ 64 ከሆነ 1.536 ነው። የተጣራ ኢ1 ደግሞ 1.92 ተብሏል፣ የ30 ቻናል ሒሳብ። ለዳታ ግን ለጥሪ ምልክት የሚቀመጠውን ቻናል፣ ታይም ስሎት 16ንም መጠቀም ስለሚቻል 1.984 ይደርሳል። የትኛውን ታሳቢ እንዳደረገ አንዲት መስመር ማብራሪያ የለም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ ጀማሪ ግን ገደል ይገባል።

ስለ መልኩ ብዙ የምለው የለም። ፍለጋው ፈጣን ነው። ማስታወቂያው ይታገሡታል። አንድ ማሻሻያ ምልክት ያደረግኩባቸውን አሃዶች ጠራርጎ አጥፍቶብኛል፣ እሱ አናድዶኛል።

አሁን የምጠቀምበት ለሁለት ነገር ነው፦ ለኦፕቲካል መስመሮች እና መስመርን ወደ ሜጋ ቢት ለመቀየር። ስንት መስመር በየትኛው ውስጥ ይገባል ለሚለው ጥያቄ አልከፍተውም። አፑ ከየአሃዱ ጎን ማስታወሻ ስለሚቀበል ዲኤስ3 ላይ 28፣ ኢ3 ላይ 16፣ ኢ4 ላይ 64፣ ኤስቲኤም-1 ላይ 63 ብዬ ጽፌያለሁ። ለአዘጋጆቹም «የሚይዘው ብዛት» የሚል ዓምድ ይጨመር ብዬ ልኬ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ማሻሻያ ጥቁር ገጽታ ጨመረ። የሚከፈልበት ዓይነቱ ማስታወቂያ ከማጥፋት በቀር የተለየ ነገር ስለሌለው ለጊዜው በነፃው መቆየት ይሻላል።