ከጀርባው ያለውን ሳታነቡ የድመት ሕክምና ካርድ እንዳትገዙ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ ድመት የምታሳድጉ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው «ዓመታዊ የድመት እንክብካቤ ካርድ» የሚሸጡ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች አሉ። እኔ በመስከረም 7,500 ብር ከፍዬ ገዛሁ። እናንተ አትግዙ።

ለድመት ሕክምና አስቀድሞ ገንዘብ ማሰናዳት በእኛ ሰፈር ያስቃል። «አይጥ ትያዝ እንጂ ሐኪም ምን ያደርግላታል?» የሚለኝ ጎረቤት አጥቼ አላውቅም። ስለዚህ በራሪ ወረቀቱ ላይ «ምርመራ፣ ክትባት፣ ሕክምና፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ ሐሳብ» የሚለውን ሳነብ የሚገባኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ፈረምኩ። የካርዱን ጀርባ አላገላበጥኩም።

ኅዳር ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሻምበል የምለው ወንድ ድመቴ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ወጥቶ ያምጥ ጀመር። ይወርዳል፣ ከሥሩ ይልሳል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ይጮኻል። አሸዋው ግን ደረቅ ነው። ሆዱ ደርቆበት ነው ብዬ ዘይት አጠጣሁት፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ለካ የተዘጋው ሽንቱ ኖሯል። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በጥቃቅን ጠጠር ወይም በዝቃጭ ይደፈናል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካልተከፈተ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ በደሙ የሚጠራቀመው ፖታሲየም ደግሞ ልቡን ያቆመዋል። የላይኛው ፎቅ እትዬ በደግነት ፓራሲታሞል ይዘውልኝ ወርደው ነበር። እንኳንም አልሰጠሁት፤ አንድ ፍሬ ድመት ለመግደል ይበቃል።

ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ቀኑን ሙሉ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ሰኞ የካርዱ ክሊኒክ በሩ ሲከፈት ሻምበልን በካርቶን ታቅፌ ደረስኩ። ተቀባይዋ ካርዱን ገልብጣ በጉንዳን ፊደል የተጻፈችውን መስመር በጥፍሯ አሳየችኝ፦ «ድንገተኛ ሕመምን፣ ማደንዘዣን፣ ቀዶ ሕክምናንና አልጋን አይጨምርም።» ታዲያ «ሕክምና» ያላችሁት ምኑን ነው ብላት፣ ሐኪሙ አይቶ የሚናገረውን ነው አለችኝ። ደግሞም የተደፈነውን የሚከፍተው ቀጭን የሽንት ቱቦ የላቸውም።

ታክሲ ተኮናትሬ መሀል ከተማ ወዳለ ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። ማደንዘዣ፣ ቱቦ፣ ግሉኮስና የሦስት ቀን አልጋ፤ 14,200 ብር። የእቁብ ጓደኛዬ ባታበድረኝ ኖሮ ዛሬ ሻምበል አይኖርም ነበር።

በዚያው ሌላ ጉድ ወጣ። ሐኪሟ የክትባት ደብተሩን አይታ «ከብልቃጡ ላይ የሚነሳው ተለጣፊ የት አለ?» አለች። የክትባቱ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ያለበት ትንሽ ወረቀት ማለቷ ነው። የእኔ ደብተር ላይ ያለው ማኅተምና ቀን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ወጣቶቹ ሻምበልን ሲከትቡ ብልቃጡን ከምን እንዳወጡት ትዝ አለኝ፤ ከፌስታል፣ ያለ በረዶ፣ በጠራራ ፀሐይ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። የእብድ ውሻ በሽታን ድመትም ለሰው ታስተላልፋለች፣ ቤቴ ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ። እንዳልተከተበ ቁጠሪው አለችኝና እንደገና አስከተብኩት።

በኋላ ካርዱ በእርግጥ የሚሸፍነውን ሁሉ፣ ማለትም ምርመራውን፣ የእብድ ውሻ በሽታንና ሦስት ተላላፊ የድመት በሽታዎችን የሚከላከሉትን ክትባቶች፣ የትል መድኃኒቱንም ጨምሬ፣ በየተራ ብከፍል ስንት እንደሚያወጣ መሀል ከተማ ጠየቅሁ። 3,400 ብር አሉኝ። የቀረው 4,100 ብር የነጩ ጋዋን ዋጋ መሆን አለበት።

አሁን በየወሩ 600 ብር ለብቻው በከፈትኩት የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ። በዓመት 7,200 ብር ይሆናል፤ ከካርዱ ያንሳል፣ ሻምበል ካልታመመ ደግሞ ገንዘቡ የራሴ ነው። ለአንድ ክፉ ቀን ግን ስለማይበቃ ድመት ያለን አምስት ቤቶች ተሰባስበን ትንሽ እድር አቆምን። ወንዶቹ «የድመት እድር» እያሉ ይስቁብናል፤ ይሳቁ። ድንገት የታመመበት ሰው ከዚያ ይበደራል፣ በሦስት ወር ይመልሳል። ገንዘብ ከማዋጣቱ ጎን ለጎን ደግሞ እሑድና ማታ የሚሠራው የትኛው ክሊኒክ እንደሆነ፣ የሽንት ቱቦ እንዳለውና አንድ አዳር ስንት እንደሚያስከፍል ድመቷ ደህና ሳለች ደውላችሁ ጠይቁ። ከእኛ ወዲያ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ለእኛ ሰፈር ሰው ሩቅ አይደለም፣ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ገንዘቤን ስጠይቅ «ውሉን ፈርመዋል» ተባልኩ። ደረሰኝም አልሰጡኝም ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ነጋዴም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በራሪ ወረቀቱንና የካርዱን ጀርባ ኮፒ አድርጌ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። የካርዱን ጀርባ አጉልቼ ጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይም ለጥፌዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛው ከእኛ በር ተነስቶ ኮዬ ፈጬ ታይቷል። ካርዱ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ተቀይሯል አሉ። አንድ ወዳጄ አስገልብጣ አይታዋለች፤ መስመሯ እዚያው ናት።