ለጤና ኬላ ሶላር፦ ጄል ባትሪ ወይስ ሊቲየም?

ለጤና ኬላ ሶላር ልትገዙ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የባትሪውን መስመር አንብቡ። ፓኔሉ አቧራው እየተጠረገለት ከ20 ዓመት በላይ ይሠራል። ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው።

ጄል (የታሸገ የእርሳስ አሲድ ባትሪ) ሲገዙት ርካሽ ነው። ነገር ግን ባለ12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር እድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከ2,400 ዋት ሰዓት ውስጥ የእናንተ 1,200 ያህሉ ብቻ ነው። ባለ12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም (አይረን ፎስፌት የሚባለው) ከ1,280 ውስጥ 1,000 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ሻጩ «200 እያለ 100 ለምን?» ቢላችሁ መልሱ ይኸው ነው። ጄሉ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሊቲየሙ 15 እንኳ አይሞላም፤ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ያለ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ቆላ ላይ ደግሞ ጄል ይጎዳል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ አፋር ወይም ጋምቤላ ከሆናችሁ እኔ ጄል አልመክርም። ደጋ ላይ በጀት ካነሰ ያስኬዳል፤ ሲሞትም ምትኩ በቅርብ ከተማ አይጠፋም። ሊቲየም ውስጡ ያለው የመቆጣጠሪያ ቦርድ ከተበላሸ ግን የሰፈር ኤሌክትሪሺያን አይነካውም። ስለዚህ ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፤ ማን፣ በስንት ቀን መጥቶ እንደሚቀይር ይጻፍበት። የሚገጥመው ባለሙያ ሳይሄድ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ላይ የተመረጠው የባትሪ ዓይነት «ሊቲየም» መሆኑን ራሳችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ሳይቀየር የሚቀር ነገር ነው።

የመኪና ባትሪ? ተዉት። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አይደለም።

የክትባት ፍሪጅ ለብቻው ነው። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፓኔል የሚሠራውን ምረጡ፤ ቀን በረዶ እየሠራ ቅዝቃዜ ያጠራቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቃቸው ቢያንስ ለ3 ቀን ያለ ፀሐይ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያቆያሉ። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው የዚህን ፓኔል ሽቦ እንዳይነካ፤ ለስልክ ሌላ መስመር ይዘርጋ።

አቅራቢው የፓኔሉን ስሌት ሲያቀርብ በየትኛው ወር ፀሐይ እንደሠራው ጠይቁት። የኅዳር ከሆነ ለሐምሌና ለነሐሴ እንደገና ይሥራው።