ፒያሳ ጊታር የምታስጠግኑ፦ ከሱቁ ሳትወጡ በቴስተር አስለኩ

ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ ኤሌክትሪክ ጊታር ለማሳደስ ካሰባችሁ፣ መሃል አዲስ አበባ ላይ ሥራው በሁለት ዓይነት ባለሙያዎች መካከል እንደሚከፋፈል ቀድማችሁ እወቁ። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ብሪጅ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበትን ብረት)፣ የመቃኛ ቁልፍና ክር ይቀይራሉ። ሶልደሩን (የሽቦ ብየዳውን) አሳምረው የሚሠሩት የአምፕሊፋየርና የሬዲዮ ጠጋኞች ናቸው። የሁለቱንም ሥራ አይቼዋለሁ፤ እጃቸው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው በመካከላቸው ነው፦ ብሪጅ ቀያሪው ሽቦውን አያይም፣ ሶልደር ሠሪው ብሪጁን አይፈታም። ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ብዙ ቦታው ስለፈረሰ፣ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ባየሁት አንድ ጊታር ላይ የብሪጁ ቅየራ በንጽሕና ተሠርቶ ነበር፤ የክሩ ከፍታም ተስተካክሏል። አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ግን «እምምም» የሚለው ድምፅ ክሩ ሲነካም አልቀነሰም። ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ያመራል። ከፖቶቹ (ከቮልዩምና ከቶን ማስተካከያዎቹ) ጉድጓድ ተነስታ በእንጨቱ ውስጥ በቀጭን ቀዳዳ ወደ ብሪጁ የምትሄድ የግራውንድ ሽቦ (ክሩን ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር የምታገናኝ) አለች። ብሪጁ ሲነሳ ወደ ውስጥ ትንሸራተታለች፣ ወይም አዲሱ ብሪጅ ጥቁር ቅብ ከሆነ ቅቡ ከብረቱ ይለያታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሽቦዋን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ልጦ ማፍታታት፣ የብሪጁን ሆድ እዚያው ቦታ ላይ እስከ ብረቱ መፋቅ፣ ከዚያ ማሰር። ትሬሞሎ (ብሪጁን እያነቃነቀ ድምፁን የሚያወዛውዝ ዘንግ) ያለው ጊታር ከሆነ ሽቦዋ የምትበየደው ከጀርባ፣ ስፕሪንጎቹን የያዘው ብረት ላይ ነው። ከክሩ እስከ ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) የብረት አካል ቴስተሩ ከ1 ወይም 2 ኦም በላይ ካሳየ ሥራው አላለቀም።

ክሩን ስትነኩ ድምፁ ከቀነሰ ግራውንዱ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀረው ጩኸት ከሱቁ መብራትና ትራንስፎርመር ሊሆን ስለሚችል ፊታችሁን አዙራችሁ ሞክሩ። ስትነኩ ከጨመረ ግን ብዙ ጊዜ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠዋል ማለት ነው።

ጊታሩ ጭራሽ ድምፅ ካጣ፣ ከመፈታቱ በፊት ይህን ጠይቁ። ኬብል ይሰካ፣ ቮልዩም ሙሉ ይከፈት፣ በኬብሉ ሌላኛው መሰኪያ ጫፍና አካል መካከል ይለካ። ለብዙ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይሩት) ከ5 እስከ 9 ኪሎ ኦም ጤነኛ ነው፤ ጠንካራ ሃምበከር (ባለ ሁለት የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ) እስከ 15 ሊደርስ ይችላል። ወደ 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም ካሳየ ፖቱ ደህና ነው፣ ፒክአፑ ተቋርጧል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ከጃኩ ተበጥሷል። ዜሮ ከሆነ አንድ ቦታ ተነካክቷል፤ ቮልዩሙ ተዘግቶ ከሆነ ግን ዜሮ ማሳየቱ ትክክል ነው። የዜሮው የተለመደ ምክንያት ጃኩ ነው፦ ዳዶው ሲጠብቅ ጃኩ አብሮ ይዞርና ምላሱ ጉድጓዱ ውስጥ የተለጠፈውን መዳብ ይነካል። ጃኩን ከውስጥ ይዞ ማጥበቅ ይበቃ ነበር።

ሶልደሩ ላይ የጠጋኞቹን ችሎታ አከብራለሁ፤ ለራዲዮ ሰሌዳ የለመደው ቀጭን ባለ 25 ዋት ብረት ግን የፖቱን ጀርባ አያሞቅም። እርሳሱ እንደ ኳስ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ነካ ሲደረግም ይላቀቃል። ጀርባው በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ሰፊ ጫፍ ባለው ከ40 ዋት በላይ በሆነ ብረት በጥቂት ሴኮንድ ይሠራ። ብዙ ከተቃጠለ ውስጡ ያለው ካርቦን ይበላሻል።

ዕቃውን ከውጭ ይዛችሁ ግቡ፤ መለኪያውን ግን አስተውሉ። ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ) 250፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም ፖት ነው የተለመደው። የአሜሪካ ፖት አንገት 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የብዙ እስያ ሠራሽ ጊታሮች ቀዳዳ 8 ብቻ ነው። ቀዳዳውን ማስፋት ካስፈለገ ቀስ በቀስ በሚያሰፋ መሣሪያ ይሁን፤ ተራ መሰርሰሪያ ቀለሙን ይሰነጥቃል። የአሜሪካው ፖት 24 ጥርስ፣ የእስያው 18 ስላለው የድሮው ማዞሪያም አይገባለትም።

ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ሲከፈት ድምፁ ቀጥኖ ባዶ ከሆነ፣ የአንዱን ሁለት ሽቦ ማገላበጥ ነው። ፒክአፑ ባለ አንድ ሽቦና በዙሪያው የተጠለፈ የብረት ሽፋን ያለው ከሆነ ግን አታስገላብጡ፤ የብረት ክዳኑ ራሱ ድምፅ ተሸካሚ ይሆንና ይጮኻል።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ባለ 110 አምፕሊፋየር ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። የድሮ ቤት ሶኬት ደግሞ የመሬት ሽቦ ላይኖረው ይችላል፤ ብሪጁ በትክክል ግራውንድ ሲሆን ክሩ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር አንድ ስለሆነ፣ ማይክ በከንፈር ሲነካ ሊነዝር ይችላል። መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በክሩና በማይኩ መካከል ለኩ። ጥቂት ቮልት እንኳ ካሳየ ሶኬቱና አምፕሊፋየሩ በኤሌክትሪሺያን ሳይታዩ ክሩን አትንኩ።